መስመሩ የጠራ እሁድ

ታናሽ ወንድሜ በየመን በኩል ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ሲገባ እናቴ ገና አምደወርቅ አጠገብ ባለው ቀያችን ነበረች። መሄዱን የሰማችው ከደረሰ በኋላ ነው። ብዙም ሳይቆይ በጦርነቱ በአገራችን መብራትም ስልክም የጠፋበት ያ ረጅም ጊዜ መጣና ድምፁን ሳትሰማ ከረመች። ሰው ስለ ልጇ ሲጠይቃት «አለ» ትላለች፤ ከዚያ በላይ አትጨምርም። ስልኩ ሲመለስ አባቴ ዐርፎ ነበር። ሞቱን ለወንድሜ በስልክ የነገርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ እናቴን ወደ ሰቆጣ አመጣኋትና ከእኔ፣ ከባለቤቴና ከሴት ልጃችን ጋር መኖር ጀመረች።

ቤታችን ኢንተርኔት ያስገባነው ለእሷ ብለን አልነበረም። ባለቤቴ በርቀት ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትማር በሞባይል ጥቅል መዝለቅ አቃታት። የተከራየነው ቤት ድሮ የቤት ስልክ የነበረበት ነው፤ ሽቦው ከግድግዳው ላይ አልተነሣም። በዚያው ሽቦ ኢንተርኔቱ ተለቀቀልንና አንዲት ባለ አንቴና ነጭ ሳጥን ተሰጠን። ባለቤቴ ሳጥኗን ሳሎን፣ ቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ አጠገብ አስቀመጠቻት። አቧራ እንዳይነካትም ዳንቴል ደረበችባት።

ወንድሜ እሁድ እሁድ በቪዲዮ ይደውላል። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ እህል ከቀመሰች በኋላ ጓሮ ባለችው ክፍሏ፣ አልጋዋ ላይ ትቀመጥና ስልኬን በሁለት እጇ ትይዛለች። የሚነጋገሩት በቀያችን ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ነው። አማርኛ ትችላለች፤ ግን ለገበያና ለቢሮ ነው የምታውለው። ባለቤቴ የወልዲያ ልጅ ስለሆነች ኽምጣኛ አትሰማም። እናቴም ልጇን እንደ ልቧ የምትቆጣው፣ የምታባብለውም በዚያው ቋንቋ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ፊቱ ደህና ይታይ ነበር። እየቆየ ምስሉ መድረቅ ጀመረ። አፉን እንደከፈተ ይቀራል፤ ድምፁ ከኋላ ይደርሳል። እናቴ የደረቀውን ፊት እያየች «ምነው ዝም አልክ?» ትለዋለች፤ እሱ ግን እየተናገረ ነው። ከፋሲካ በኋላ ጭራሽ ባሰ። ፊቱ በነበረበት ቦታ የተበታተነ ቀለም ብቻ ይታያል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠቁራል። ወንድሜ ኔትወርካችሁ አይሠራም፣ በድምፅ ብቻ እናውራ ይላል። እናቴ ስልኩን ወደ እኔ ትዘረጋና አብራው ትለኛለች፣ ኩራዝ እንደጠፋ ሁሉ።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስለ ሽቦም ስለ ሞገድም የማውቀው ጥቂት ነው። ቢሆንም የሚዘገይ ነገር የሚዘገይበት ቦታ ይኖረዋል፤ ከጫፍ ጀምሬ ብፈልገው አገኘዋለሁ ብዬ ተነሣሁ።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ። ሳጥኗን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ለጥቂት ጊዜ ፈጠን አለችና ወደ ልማዷ ተመለሰች። ቀጥዬ ዳንቴሉን አነሣሁ። ባለቤቴ ዳንቴል ነፋስ እንኳ አይከለክልም አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ግን ሳጥኗ ስትነካ ትፋጅ ነበር፤ ስለዚህ ከቡፌው አውጥቼ በጓሮ በኩል ያለው መስኮት ላይ አስቀመጥኳት። የእናቴ ክፍል ግድግዳ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው፤ ውፍረቱ ክንድ ያህላል። ስልኬን ይዤ ከሳሎን ወደ እሷ ክፍል ስገባ የዋይፋዩ ምልክት በአንዴ ይወርድ ነበር። በሚቀጥለው እሁድ እናቴን ሳሎን እንድትቀመጥ ለመንኳት። መጣች፤ ግን ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው። እሁድ ቀን ቤታችን ሰው ይበዛል፤ ኽምጣኛ የሚሰማም አይጠፋም። ምስሉ ከበፊቱ ትንሽ ቢሻልም መድረቁን አልተወም።

ከዚያ ጎረቤቶቹን ጠረጠርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከአጥራችን ሥር ባሉት ድንጋዮች ላይ ወጣቶች ስልካቸውን አቀርቅረው ተቀምጠው አያለሁ። ጥላ ፈልገው ይመስለኝ ነበር። ልጄን ስጠይቃት የይለፍ ቃሉን ለአንዲት ጓደኛዋ መስጠቷን ነገረችኝ። ጓደኛዋ ለወንድሞቿ፣ ወንድሞቿ ለመንደሩ አድለውታል። ቃሉን በዚያው ቀን ቀየርኩት። በማግስቱ የፊት ለፊት ጎረቤታችን ባለቤቴን መንገድ ላይ አግኝታ ምን በድለናችሁ ነው ብላ ጠየቀቻት። ይህች ሴት ባለቤቴ ስትወልድ የአራስ ቤት ገንፎ ያገነፋች ናት። ባለቤቴ አዲሱን ቃል ሰጠቻት። ለአንዷ ሰጥቶ ሌላዋን መከልከል ደግሞ አልተቻለም። በመጨረሻ እኔው በየቤቱ ዞሬ፣ እናቴ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከልጇ ጋር እስክትጨርስ ድረስ ብቻ እንዲታገሡን ጠየቅሁ። ሁሉም እሺ አሉ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። በዚያ እሁድ ከአጥራችን ሥር አንድም ሰው አልተቀመጠም። የወንድሜ ፊት ግን እንደ ወትሮው ደረቀ።

የቀረኝ ሳጥኗና ሽቦው ነበሩ። አንድ ቅዳሜ የቤቱን ስልኮች ሁሉ አጠፋሁና የባለቤቴን ላፕቶፕ በገመድ ከሳጥኗ ጋር አገናኘሁት። በመካከላቸው ግድግዳም የለ፣ ጎረቤትም የለ። ያው ዝግታ ነው። እንግዲህ ነገሩ ከሳጥኗ ወዲህ አይደለም ማለት ነው። ከጎረቤት አሮጌ የቤት ስልክ ተዋስኩና ሽቦው ላይ ሰክቼ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። እሳት ላይ የተበተነ ጨው የሚመስል ድምፅ ይንጣጣል። ክረምቱ ገብቶ ነበርና ዝናብ በዘነበ ማግስት ደግሜ ሳዳምጠው ጩኸቱ በርትቷል።

ይህን ይዤ ወደ ስልክ ቢሮው ሄድኩ። አመለከትኩ፤ ተራ ደረሰኝ። የመጣችው ቴክኒሻን ሱሪዋን ቦት ጫማ ውስጥ የከተተች፣ ብዙ የማትናገር ሴት ነበረች። መሰላሏን ባጃጅ ላይ አሳስራ ነው የመጣችው። ምሰሶው ላይ ወጥታ መስመሩን ለካችና እዚህ ድረስ ንጹሕ ነው አለች። ግድግዳው ጋ ወርዳ ስትለካ ግን ራሷን ነቀነቀች። ብልሽቱ ከእኛው ግቢ ውስጥ ነበር።

ሽቦውን በእጇ እየዳሰሰች ከጣሪያው ሥር ተከተለችው። አንዱ ወደ ሳሎን ይገባል። ሌላው፣ እኛ መኖሩን እንኳ ያላወቅነው፣ ከዚያው ተቀጥሎ ወደ ጓሮ ይሄዳል። ከእኛ በፊት የነበሩት ተከራዮች ሁለተኛ ስልክ ጓሮ ውስጥ ኖሯቸው ይሆናል። ሽቦው የእናቴን ክፍል ግድግዳ በስቶ ገብቶ ልብሷን በምትሰቅልበት ምስማር ሥር፣ በምርጊቱ ውስጥ ተቀብሯል። እናቴ ልብሶቿን አንሥታ አልጋዋን ሳብ አደረገችላት። ቴክኒሻኗ ምርጊቱን በመፍቻ ፈለፈለች። መጋጠሚያው በፌስታል ተጠቅልሎ ነበር፤ ጣሪያው እዚያ ጋ ያፈሳል። ፌስታሉን ስትፈታው ውኃ ቋጥሯል፤ መዳቡም አረንጓዴ ሆኖ ተበልቷል።

እናቴ ሴትዮዋን ከየት እንደሆነች በኽምጣኛ ጠየቀቻት። እሷም ከዚሁ ከእኛው አገር፣ ከሰቆጣ ማዶ ካለው ዝቋላ በኩል መሆኗን በዚያው ቋንቋ መለሰች። ከዚያ በኋላ እናቴ ከአጠገቧ አልተለየችም። ቴክኒሻኗ ወደ ጓሮ የሚሄደውን ሽቦ ቆርጣ ጣለችው፤ የሳሎኑን በአዲስ አጋጠመችው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ያ መንጣጣት የለም። እናቴ ጠላ ቀድታ ሰጠቻትና እንግዲህ የልጄ ፊት ይታየኛል ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«ከእናንተ በኩል ያለው ተስተካክሏል፣ እናቴ» አለቻት ቴክኒሻኗ። «ከእሱ በኩል ስላለው ግን እኔ አላውቅም።»

ለወልዲያው አማቴ በቪዲዮ ደውዬ ሞከርኩት። ፊቱ እንደ መስታወት ጠራ። ለወንድሜ ምንም አልነገርኩትም፤ እሁድ ራሱ ያየዋል ብዬ ነው።

እሁድ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ላፕቶፑን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። በትልቅ ስክሪን ብታየው ይሻላታል አልኩ። ባለቤቴና ልጄም መጥተው ከጎኗ ተቀመጡ። ወንድሜ ደወለ። ፊቱ ሙሉ ሆኖ መጣ። ጢሙን አሳድጓል፤ ከስቷል። ከኋላው አንድ ሰማያዊ መጋረጃ ማራገቢያው እየነፋው ይወዛወዛል። ካሜራውን ክፍት የተወው እንደ ወትሮው እንደማይታየን ተማምኖ ይመስለኛል። እናቴ ጢምህን ምነው ብላ ስትጀምር ደነገጠ። ትታያለህ፣ መስመሩን አስተካክለነዋል አልኩት። ፈገግ ለማለት ሞከረና እንኳን ደስ አላችሁ አለ።

ለጥቂት ጊዜ ደህና አወሩ። እናቴ የክረምቱን ሁኔታ፣ የቀያችንን ማሳ ማን እንዳረሰው ነገረችው። እሱም ይሰማት ነበር። ከዚያ ከጎኑ በኩል የአንድ ሰው ክንድ ገባና የሻይ ብርጭቆ ዘረጋለት። አብሮት የሚኖር የአገር ልጅ ይሆናል። ወንድሜ ብርጭቆውን በግራ እጁ ተቀበለ።

እናቴ የጀመረችውን ዐረፍተ ነገር አልጨረሰችውም። «ለምን በግራህ ትቀበላለህ?» አለችው።

በቀኜ ስልኩን ይዤ ነው አላት። ስልኩ ግን ከአንድ ነገር ጋር ተደግፎ ነበር፤ ብርጭቆውን ሲቀበል እንኳ ምስሉ አልተነቃነቀም። እናቴ ይህን ታስተውል አታስተውል አላውቅም። ቀኝህን አሳየኝ አለችው።

«እማየ፣ አይሰማኝም» አለ ወንድሜ። «ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው።»

መጋረጃው ከኋላው ይወዛወዛል። ከብርጭቆው የሚወጣው እንፋሎት ሳይቀር ይታያል። አፉና ድምፁ አንድ ላይ ነበሩ።

እናቴ ወደ ስክሪኑ ቀረብ አለች። «እኔ እያየሁህ ነው» አለችው።

ወንድሜ ወደ ጎን ዞሮ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከዚያ ቀኝ እጁን አነሣና ካሜራው ፊት አደረገው። ጠቋሚና መሐል ጣቶቹ የሉም። የቀለበት ጣቱም ከአንጓው ላይ ተቆርጧል። ቁስሉ ድኗል፤ ቆዳው ነጣ ብሎ ያብረቀርቃል። ባለቤቴ ከንግግሩ አንዲት ቃል አልሰማችም፤ ግን መተርጎም አላስፈለገኝም። ልጄ እጄን ያዘችኝ።

እናቴ ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። አጫጭር ጥያቄ ጠየቀችው፤ እሱም እያንዳንዱን መለሰ። መቼ ነው? በዐቢይ ጾም። በምን? ብረት በሚሠሩበት ቤት፣ መቁረጫው ማሽን። ሐኪም አየህ ወይ? መኖሪያ ፈቃድ ስለሌለው የመጀመሪያውን ቀን ጓደኞቹ ፈርተው ቁስሉን ቤት ውስጥ አሰሩለት፤ ደሙ እንቢ ሲል ሐኪም ቤት ወሰዱት። ቁስልህን ማን ያጥብልህ ነበር? አንድ የአገራችን፣ የዳህና ልጅ። እናቴ የልጁን አባት ማንነት ጠየቀች፤ ወንድሜ ነገራት። አወቀቻቸው። አሁን ብረት ቤቱን ትቶ መጋዘን ይጠብቃል።

ያምሃል ወይ አለችው። አንዳንዴ የሌሉት ጣቶች ያሳክኩኛል አላት። ይህን ሲናገር ነው ድምፁ የተሰበረው። እናቴ እስኪመለስለት ጠበቀች።

«በምንህ ታማትባለህ?» አለችው ቀጥላ።

«በተረፈው።»

«ታዲያ በግራህ መቀበልን አትልመድ። ቀኝ ቀኝ ነው፤ በተረፈው ብላ፣ በተረፈው ተቀበል።»

ወንድሜ ብርጭቆውን በቀኝ እጁ አነሣ። በአውራ ጣቱና በትንሿ ጣቱ መካከል አድርጎ፣ በግራው ከሥር ደገፍ እያደረገ፣ እያየችው ጠጣ። ትንሽ ፈሰሰበት። እሱ ሲጨርስ እሷ ስለ ማሳው የጀመረችውን ቀጠለችለት፤ ገብሱ ጥሩ መብቀሉን፣ ከላይኛው ማሳ ጎርፍ እንደወሰደ። ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ አወሩ።

ሲጨርሱ እናቴ ወደ ክፍሏ ሄደችና በሯን ገርበብ አደረገች። እስከ ማታ አልወጣችም። ባለቤቴ ሽቦው እንደተበላሸ ቢቀር ይሻል እንደነበር ነገረችኝ። እኔም ያንኑ አስቤ ነበር። በሁለተኛው ቀን ባለቤቴ ለእናቴ ቁርስ ይዛላት ገባችና ባያዩት ይሻልዎት ነበር አለቻት። እናቴ በአማርኛ ነው የመለሰችላት፤ ሁላችንም እንድንሰማ ይመስለኛል።

«ማየቱ ይሻላል። ሳላየው ከዚህ የከፋ ነገር ነበር የማስበው።»

እኔ ከዚህ የከፋ ነገር ስታስብ እንደከረመች አላውቅም ነበር። ምስሉ ሲጠቁርባት አብራው የምትለኝ ልጇ ስለናፈቃት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሆኜ ለወንድሜ ብቻዬን ደወልኩለት። ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅሁት። ለእሷ ባይሆን ለእኔ መንገር ይችል ነበር። መጀመሪያ ሊነግረኝ አስቦ እንደነበር፣ ስልኩን ሳነሣ ግን ሁልጊዜ ከጎኔ የእሷ ድምፅ ይሰማው እንደነበር ነገረኝ። በኋላ መስመሩ ሲበላሽ ቀለለው።

«እግዜር ነው ያበላሸልኝ ብዬ ነበር» አለኝ። «አንተ ደግሞ በየሳምንቱ ይህን ሞከርኩ፣ ያን ሞከርኩ ትለኛለህ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ አንዳንድ እሁድ ካሜራውን በጣቱ ይሸፍነው እንደነበረም ነገረኝ። ስለዚህ ከጠፉት ምስሎች የትኞቹን ዝገቱ እንዳጠፋቸው፣ የትኞቹን ወንድሜ እንዳጠፋቸው ዛሬም ለይቼ አላውቅም። ጣሪያውን አከራዩ አስደፈነልን። እናቴ ምርጊቱ የተፈለፈለበትን ቦታ ራሷ ጭቃ አቡክታ ለሰነችው።

ወንድሜ የተመለሰው ከጥምቀት በኋላ ነው። ወደ አገር ለመመለስ እጃቸውን ለፖሊስ ከሰጡት ጋር ተሰልፎ፣ ከተመላሾች ጋር በአውሮፕላን አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያ ወልዲያ አደረ። ከወልዲያ የሚመጣው አውቶቡስ ሰቆጣ መናኸሪያ ሲደርስ እናቴ ከእኔ ቀድማ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ሲወርድ መጀመሪያ የያዘችው ቀኝ እጁን ነው። ገልብጣ መዳፉን አየችው፣ መልሳ ጀርባውን አየችው። ከዚያ ነው ፊቱን የሳመችው። ረዳቱ ሻንጣውን ከላይ እያወረደ መንገድ ልቀቁ ይላል፤ እሷ አልሰማችውም።

ጥቂት ወራት ቤት ተቀመጠ። መጀመሪያ ላይ እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ነበር የሚዞረው። ዘመድ ሊጠይቀው ሲመጣ ነጠላ ይደርብበታል። እናቴ ነጠላውን ታነሣበታለች፤ ምንም ሳትናገር፣ እንግዳው ፊት። ይህ ያናድደው ነበር። አንድ ቀን ስለዚህ ተጣልተው ወደ ቀያችን ሄደና ሳምንት ያህል ከርሞ ተመለሰ። ሲመለስ ነጠላውን መደረብ ትቶ ነበር። ምን እንደተፈጠረ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም።

አሁን ከአንድ ጓደኛው ጋር ወደ አበርገሌ እየወረደ ፍየል ይነግዳል። መንገዱ ክፉ ነው፣ ሙቀቱም እንደዚያው፤ ያገር ቤት ሥራ ግን ይሻለኛል ይላል። የፍየሎቹን ገመድ በግራው ይዞ በጥርሱ ያጠብቀዋል። ገበያ ላይ እጅህን ምን አገኘው ለሚሉት ማሽን በላው ብሎ ይመልሳል፤ ሌላ ታሪክ አይጨምርበትም። ሰው ሰላም ሲለው የሚዘረጋው ያንኑ ቀኙን ነው። አንዳንዱ ሲጨብጠው ይደነግጥና እጁን ሊሰበስብ ይላል። ወንድሜ ያ ሰው ከድንጋጤው እስኪመለስ ድረስ እጁን እንደዘረጋ ይጠብቀዋል።